ልቡ ለደከመ ወገን ጾሙ ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በ55 ቀን ጾም መግቢያ ላይ የምንነጋገረው ጾምን ስለሚሸሽ ሰው አይደለም። ጾምን እጅግ እየወደደ ሰውነቱ እምቢ ስላለው ወገናችን ነው። በየቤታችን አለ፤ ልቡ ደክሞ ዳገት የሚያቅተው፣ ሌሊት ትራስ ደርቦ የሚተኛ፣ እግሩ እያበጠ ክንዱና ፊቱ የሚከሳ አባት ወይም እናት።

የልብ ድካም ማለት ልብ ደምን እንደሚገባ መርጨት ሲያቅተው ነው። ያን ጊዜ ውኃ በእግር፣ በሆድና በሳንባ ይጠራቀማል። አንጀትና ጉበትም ስለሚያብጡ በሽተኛው ሁለት ሦስት ጉርሻ ቀምሶ «ጠገብሁ» ይላል። ሕመሙም ራሱ ጡንቻን ያቀልጣል። 60 ኪሎ የነበረ የልብ ሕመምተኛ በአንድ ዓመት ውስጥ ሳያስበው 3 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሰ ነገሩ ቀላል አይደለም። ክፋቱ ደግሞ እብጠቱ መክሳቱን ይሸፍነዋል፤ ሚዛኑ ሳይወርድ ሥጋው ያልቃል።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ፣ መድኃኒቱንም ሳይወስድ ይዋል ያለው ማን ነው? ቤተ ክርስቲያንስ አላለችም። ሐዋርያት በቀኖናቸው ጾምን ሲያዝዙ በሕመም የደከመውን ለይተውታል፤ ፍትሐ ነገሥታችንም በአንቀጽ 15 ይህንኑ ይዟል። ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ካስነሣት በኋላ የምትበላው እንዲሰጧት አዘዘ (ማር. 5፡43)። ኤልያስም 40 ቀን ከመጓዙ በፊት መልአኩ ሁለት ጊዜ ቀስቅሶ መገበው (1ነገ. 19፡5-8)።

እማማ ግን «ዕድሜ ልኬን ጾሜ በእርጅናዬ ልሻር?» ይላሉ። እማማ፣ አልሻሩም! ጾም የገዛ ፈቃድን መቁረጥ ነው። የእርስዎ ፈቃድ አለመብላት ከሆነ፣ ንስሐ አባትዎ ሲያዝዙዎት ያንን ፈቃድ ቆርጠው መብላትዎ ጾምዎ ነው። አንደበትዎ ይጸልይ፣ እጅዎ ይመጽውት፣ ቂም ከልብዎ ይውጣ፤ ይህን ሕመም አይከለክልዎትም።

እናንተ አስታማሚዎችም ይህን ያዙ፦

ከሁሉ በፊት ከንስሐ አባትና ከሐኪም ጋር ተማከሩ። ለከሳ የልብ ሕመምተኛ ፕሮቲን የሚባለው ገንቢ ምግብ በቀን ቢያንስ ለእያንዳንዱ ኪሎ 1.1 ግራም ያስፈልገዋል፤ ለ60 ኪሎ ሰው 66 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ነው የሚሰጠው። ኩላሊቱም የታመመ ከሆነ ግን ልኩን ሐኪም ይወስን። ምስር፣ አተር፣ ባቄላና ለውዝ ይረዳሉ፤ ሆኖም ጥቂት ብቻ ለሚበላ ሰው ላይበቁ ስለሚችሉ ወተትና እንቁላል ቢታዘዝለት አትደንግጡ።

አንድ ትሪ ሙሉ አታቅርቡለት፤ በቀን 5 ወይም 6 ጊዜ ጥቂት ጥቂት ስጡት።

ጨው ውኃን በሰውነት ያስቀራል። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጅ ጨው ስለሚገባበት የእርሱን ለብቻ ያለ ጨው አዘጋጁለት።

ጠበል ሲወስድ መድኃኒቱን አይተው፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነውና (ሲራክ 38፡4)። ጠበሉንም በብዛት አይጠጣ፤ ለደከመ ልብ ብዙ ውኃ ሸክም ነው። በእምነት የቀመሳት ጥቂቷም በረከት አላት።

ጠዋት ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምስ ይመዘን። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውፍረት አይደለም፣ ውኃ ነውና ቶሎ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

በመጨረሻም፣ ጎረቤት ሆይ! በጾም ወተት ስትጠጣ ያየሃትን በሽተኛ «ጾም ገደፈች» ብለህ አትማ። እርሷ በትእዛዝ ጠጣች፤ አንተ ግን ከወተት ጾመህ የወንድምህን ሥጋ በላህ። ይልቅስ ከጾም ያተረፍከውን ምሳ ይዘህ ሂድና ጠይቃት፤ አጠገቧ ተቀምጠህ አይዞሽ፣ ትንሽ ቅመሽ በላት። ታምሜ ጠይቃችሁኛል የሚለው ጌታ ያን ጉርሻ ይቆጥርልሃል።

አምላካችን የታመሙትን ይማርልን፣ ጾሙን የበረከት ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።