የእግዚአብሔር እንግዳ ዋጋው ስንት ነው?



በወሎ ምድር መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል፤ ከውስጥም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ማንነቱ ሳይመረመር እግሩ ይታጠባል፣ መሶብ ይቀርብለታል፣ መደብ ይለቀቅለታል። የሥጋው ቢላ ቢለይም ክርስቲያኑ የሙስሊሙ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑ እንግዳ ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ ይህ እንግዳ ተቀባይነት ዋጋ ሲቆረጥለት በጎ ምግባርነቱ ይጸናልን? ወይስ ንግድ ብቻ ሆኖ ይቀራል? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንሻው ይህንን ነው።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። ከእኛ በስተ ሰሜን፣ በመቄት ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ዓ.ም. ተስፋ በተሰኘው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ አማካይነት ገበሬዎች በገደል አፋፍ ላይ ጎጆ ቀልሰው እንግዳ በክፍያ ማሳደር ጀመሩ። እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ጓዙን አህያ ይሸከምለት ነበር፤ እንደ መቋት ማርያም ባሉ ስፍራዎች ያድር ነበር፤ ከገቢውም ማኅበረሰቡ ይጠቀም ነበር። በሩቅ አገርም እንዲህ ያለ ሥራ አለ። በኔፓል ተራሮች የሚኖሩት የጉሩንግ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሲሩባሪ መንደር እንግዳን በየቤታቸው እየተቀበሉ በክፍያ አሳድረዋል።

«ለእንግዳ የቀረበ እንጀራ ሊሸጥ አይገባም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሐሳባቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ጌታችንም ግብዣ ስናደርግ ብድር ሊመልሱልን የማይችሉትን እንድንጠራ በሉቃስ ወንጌል አስተምሮናል። ነገር ግን በዚያው ወንጌል ውስጥ፣ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ፣ ብዙ ጊዜ የምናልፈው አንድ ሰው አለ፤ እርሱም የእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ነው። ይህ ሰው ቁስለኛውን እንዲያስታምም ሁለት ዲናር ተቀብሏል፤ ስለ ተቀበለም አልተነቀፈም። የሳምራዊው ምሕረትና የጠባቂው የሥራ ዋጋ በአንድ ጣሪያ ሥር ተገናኝተው አንድ ሕይወት አትርፈዋል። ስለዚህ ዋጋ መቀበል በራሱ ኃጢአት ነው ማለት አንችልም።

ከዚህም ሌላ፣ በነጻ ይሰጥ የነበረው መስተንግዶ በእርግጥ በነጻ ነበርን? አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ሦስቱን መስፈሪያ ዱቄት እንድታቦካ የታዘዘችው ሣራ ነበረች። በእኛም ቤት «ደግ ሰው» የሚለውን ስም የሚያገኘው አባወራው ነው፤ ውኃውን የምትቀዳው፣ እንጀራውን የምትጋግረው፣ እንግዳው ሲተኛ ዕቃ የምታጥበው ግን እማወራዋ ናት። ፍትሕ ለእያንዳንዱ የሚገባውን መስጠት ከሆነ፣ ለድካሟ የሚከፈል ተገቢ ዋጋ ደግነትን አያረክስም። ባል ገንዘቡን ብቻውን የሚይዘው ከሆነ ግን የቀድሞው በደል በአዲስ መልክ ይቀጥላል።

እንግዲያስ አደጋው ወዴት ነው? አደጋው የገንዘብ ቦርሳ የበሩ ቁልፍ ሲሆን ነው። ባለ ገንዘቡ በፈገግታ እየተጠራ ገንዘብ የሌለው መንገደኛ «ቦታ የለም» ከተባለ፣ ያጣነው አንድ ልማድ ብቻ ሳይሆን ሰውን በሰውነቱ የምናይበትን ዓይን ነው። እንግዳውም በበኩሉ ይጠየቃል። የከፈለው ለመኝታና ለምግብ እንጂ ለሰዎቹ ክብር አይደለም፤ የድሀን ልጅ ሳያስፈቅድ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው ያልገዛውን ነገር ወስዷል።

ይህንን እኛ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርነውም። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ከሰሜን ወሎ ያፈናቀላቸው ወገኖቻችን ወደ ከተሞቻችን ሲጎርፉ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ፤ ብዙ ቤተሰቦችም ያለ ምንም ክፍያ በራቸውን ከፈቱ። በዚያ ወቅት ባለ ገንዘቡ ጎብኚ አልነበረም፤ የመጣው ልጅ ያዘለችው እናት ነበረች። ጥቂት ሳምንታት አለፉና በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ ደረሰ። ትናንት አስተናጋጅ የነበሩት ብዙዎች በተራቸው ሐረጎን ወርደው ወደ ደቡብ ሸሹ፤ በማያውቁት ሰው ደጅም ቆሙ። በበሩ በየትኛው ወገን እንደምንቆም አስቀድሞ የሚያውቅ ከእኛ መካከል ማን አለ?

መልሳችን እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ሥራ ዋጋ አለው፤ ሰው ግን ዋጋ አይቆረጥለትም። አልጋ የሚያከራይ ሰው ተገቢውን ዋጋ ይቀበል፤ በሚዛኑም አይበድል። ነገር ግን በየቤቱ፣ ጎጆም ይሁን ሆቴል፣ መክፈል ለማይችል ሰው የምትተርፍ አንዲት መደብና አንዲት ቁራሽ ትኑር። ይህች ቦታ ስትጠፋ ቤቱ የእግዚአብሔር መሆኑ ቀርቶ የባለቤቱ ብቻ ይሆናል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችንን ስታስተምሩ ከዚህ ጥያቄ ጀምሩ፦ ባለፈው ወር ደጃችንን ያንኳኳው ማን ነበር? ምንስ ብለን መለስነው? በኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ ፍለጋ ከገጠር መጥታ ማደሪያ ያጣች ልጅ ለቁምስናችን ምኗ ናት? በጸሎተ ሐሙስ የእግር መታጠብን ሥርዓት በቤተ ክርስቲያን እናያለን፤ አያቶቻችን ግን የመንገደኛውን እግር በየማታው በቤታቸው ያጥቡ ነበር። ጌታ በመጨረሻው ቀን እንግዳ ሆኖ መምጣቱን ሲያስታውሰን፣ «ስንት ከፈልክ?» ብለን ሳንጠይቅ የተቀበልነው ሆነን እንድንገኝ ጸጋውን ያድለን። አሜን።