በገና ወራት ስለሚሰጥ ሰላምታ

የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቍጥር 5 እና 6



ጌታችን ሰባውን ደቀ መዛሙርት በላካቸው ጊዜ፥ ወደ ማንኛውም ቤት ሲገቡ ከሁሉ አስቀድመው ለዚያ ቤት ሰላምን እንዲናገሩ አዘዛቸው። የሰላም ሰው በዚያ ቢገኝ ሰላማቸው ያርፍበታል፤ ባይገኝ ግን ወደ እነርሱው ይመለሳል። እንግዲህ የክርስቲያን ሰላምታ ከሰጪው ዘንድ የሚወጣ ስጦታ ነው እንጂ ከሌላው የሚሰበሰብ ግብር አይደለም።

ይህን ያነሣነው፥ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በአሜሪካ በየዓመቱ በዲሴምበር ወር ስለ ሰላምታ ክርክር ስለሚነሣ ነው። ያ ወር በእኛ ደጋ አገር የአጨዳና የውቂያ ጊዜ ነው፤ በዚያ ግን ክረምት ነው፥ በብዙው ስፍራም በረዶ ይወርዳል። ክርስቲያኖች በ25ኛው ቀን የጌታን ልደት ያከብራሉ፤ አይሁድ በዚያው ወራት ስምንት ቀን የሚቈየውን የሐኑካን በዓል ያከብራሉ፤ ከጥቍር አሜሪካውያንም በ1966 የተጀመረውን ኩዋንዛን የሚያከብሩ አሉ። ስለዚህ ብዙ ነጋዴዎችና መሥሪያ ቤቶች ሁሉን ለማዳረስ ብለው «መልካም በዓላት» ይላሉ። አንዳንድ ክርስቲያኖች ይህን ሲሰሙ የክርስቶስ ስም ተሰረዘ ብለው ይቈጣሉ፤ «መልካም ገና» ካልተባልን ከዚህ ሱቅ አንገዛም እስከ ማለት የደረሱም አሉ። በሌላው ወገን ደግሞ «መልካም ገና» ማለትን ሌላውን እንደ መናቅ የሚቈጥሩ አሉ።

ቍጣው የሚወርደው በማን ላይ እንደ ሆነ እንመልከት። በሱቁ ገንዘብ መቀበያ ቆማ አሠሪዋ ያዘዛትን ቃል በምትናገር ሠራተኛ ላይ ነው። እርሷም ምናልባት ከእኛው አገር የሄደች፥ ከደመወዟ ከፍላ ለእናቷ የምትልክ የክርስቶስ አማኝ ልትሆን ትችላለች። በቤተ ልሔም ስለ ተወለደው ሕፃን ክብር ብሎ እርሷን የሚያስለቅስ ሰው ለማን ክብር እንደ ቀና ራሱን ይጠይቅ። ጌታችን በገበያ ሰላምታ መቀበልን የሚወዱትን ፈሪሳውያን ወቅሷልና (ማቴዎስ 23)።

ደግሞም ስለ ገና ያለው ክርክር በዚያች አገር አዲስ አይደለም። በ1659 የማሳቹሴትስ ሸንጎ የገናን ቀን ሥራ በመፍታት ወይም በግብዣ ያከበረ ሁሉ አምስት ሺልንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እስከ 1681 ጸንቶ ቈየ። ያወጡት ከሓድያን አልነበሩም፤ መጽሐፍ ቅዱስን አጥብቀው የሚያነቡ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። በዓሉ በመጽሐፍ አልታዘዘም፥ በስካርና በጨዋታም ረክሷል ይሉ ነበር። (ስለ ስካሩ እንኳ ሐሰት ተናገሩ ለማለት አንደፍርም።)

ሐዋርያው ዮሐንስ በሁለተኛው መልእክቱ ለአንዳንዶች ሰላምታ መስጠትን ከልክሎ የለምን? የሚል ይኖራል። እርሱ ግን የተናገረው የክርስቶስን በሥጋ መምጣት እየካደ ሊያስተምር ወደ ቤታችን ስለሚመጣ አስተማሪ ነው፤ ስለ ባለ ሱቅና ስለ ጎረቤት አይደለም።

ይልቁን የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 10 እናንብብ። ወራቱ ክረምት ነበረ፤ በኢየሩሳሌም የመቅደስ መታደስ በዓል ይከበር ነበር፤ ይህም አይሁድ ዛሬ ሐኑካ የሚሉት ነው። ጌታችን በዚያ በዓል መካከል በሰሎሞን ደጅ ይመላለስ ነበር እንጂ ከበዓሉ አልራቀም። ማን እንደ ሆነ በጠየቁት ጊዜም ከአብ ጋር አንድ መሆኑን አልሸሸገም። ድንጋይ ያነሡት እነርሱ ነበሩ፤ እርሱ ግን አላነሣም። በስሙ የሚያፍርም፥ ስለ ስሙ የሚሳደብም፥ ሁለቱም ወደዚያ ደጅ ይምጡና ይዩት።

እኛ በቋንቋችን «እንኳን አደረሰዎ» እንላለን። ያደረሰው ማን እንደ ሆነ ቃሉ አይጠራም፤ ነገር ግን የማያውቀው የለም። መልሱም «እንኳን አብሮ አደረሰን» ነው። እስላም ጎረቤታችን በታኅሣሥ 29 ቀን መጥቶ ይህን ሲለን እምነቱን መርምረን ከደጅ አንመልሰውም፤ ቡና አፍልተን እናስቀምጠዋለን። ስለ ልደቱ ቢጠይቀን ደግሞ ለእኛ የተወለደው መድኃኒት መሆኑን ሳናፍር እንነግረዋለን። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም በገዛ አፋቸው «መልካም ገና» ለማለት ነጻ ናቸው፤ ይበሉት። «መልካም በዓላት» ለሚላቸው ሰውም በደስታ ያመስግኑ።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳዝነን በገዛ ወገኖቻችን መካከል የሚሰማው ነው። አንዱ በዲሴምበር 25 እንኳን አደረሰህ ሲል፥ ሌላው «ይህ የፈረንጅ ገና ነው፤ የእኛው ገና አልደረሰም» ብሎ ፊቱን ያዞራል። በሁለቱ መካከል ያለው ዐሥራ ሦስት ቀን የአቈጣጠር ልዩነት ነው እንጂ የወንጌል ልዩነት አይደለም፤ ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 14 ቀንን የሚለይና የማይለይ እርስ በርሳቸው እንዳይፈራረዱ ጽፎላቸዋል። ወንድማችን በዲሴምበር 25 ከሩቅ አገር ቢደውልልን ሰላምታውን እንቀበለው፤ በጃንዋሪ 7 ደግሞ እኛ እንደውልለት።

የሰላም አለቃ የሆነው ጌታ፥ በዚያ በብርድ ወራት በየሱቁ ቆመው የሚያገለግሉትን ልጆቻችንን ይጠብቅልን። አሜን።