ከመውጣትህ በፊት የሚያወርድህን እወቅ

ልጄ፣ ለዛፍ ገረዛ ሥራ ኤምሬትስ፣ ወደ አል ዐይን ልትሄድ ነው አሉኝ። እሰየው! እንጦጦ ላይ ባህር ዛፍ ስትጥል አይቼሃለሁ፤ እጅህ ቀልጣፋ ነው፣ ከፍታም አያዞርህም። የምሰጋልህም ለዚሁ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል ይባላል፤ አንተ ግን የማታውቀው ዛፍ ሥር ቆመህ “ይሄማ ቀላል ነው” እንዳትል።

ባህር ዛፍ ይቅር ባይ ነው፤ ከእግሩ ብትቆርጠው መልሶ ያቆጠቁጣል። እዚያ የምትገርዘው ተምር ግን እንዲያ አይደለም። የሚያድግበት እምብርት አናቱ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱን በገጀራ ካገኘኸው ግንዱ ዳግም አይለመልምም። የደረቀውን ቅጠል አውርድ፣ አረንጓዴውን ለማሳመር ብለህ አትመልምል። አዲስ ቁስል ደግሞ ቀዩን የዘንባባ ነቀዝ ይጠራል። ትሉ ግንዱን ከውስጥ ሲበላው ዛፉ ከውጭ ጤነኛ መስሎ ይቆያል። ገመድህን ከማሰርህ በፊት ግንዱን ዙረህ እይ፤ ቀዳዳ፣ ቡናማ ፈሳሽ ወይም የታኘከ ቃጫ ካየህ አትውጣ፣ ለአለቃህ ንገር። የቅጠሉን ሥር እሾህም አትናቀው፤ መገጣጠሚያ ውስጥ ተሰብሮ ከቀረ ቆይቶ ያሳብጣል።

በየጎዳናው የምታየው ረጅሙ ዘንባባ፣ ዋሺንግቶኒያ፣ ሌላ ጉድ አለው። የደረቀው ቅጠል እንደ ቀሚስ ተደራርቦ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ገብተህ ከነካካኸው በአንድ ጊዜ ተንሸራቶ ግንዱ ላይ አጣብቆ ያፍንሃል። በዚህ የሞቱ ዛፍ ወጪዎች አሉ። ሁልጊዜ ከላይ ጀምር፣ ወይም በማሽን ቅርጫት ሆነህ ከጎን ሥራ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ የአገሩ ተምር ወጪዎች ወገባቸውን ከግንዱ ጋር በገመድ አስረው፣ የቅጠል ጉቶ እየረገጡ ሲወጡ ታያለህ። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነውና ስለ ዛፉ እነሱን ጠይቅ፤ የደህንነት ቀበቶህን ግን አትተው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ ዋናው እሱ ነው። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፣ የሙቀትም ጠባዩ ይኸው ነው። የእኛ የደጋ ሰው ሰውነት 45 ዲግሪ ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አዲስ ሰው በመጀመሪያው ቀን የሥራውን አንድ አምስተኛ ብቻ ሠርቶ፣ በየቀኑ ያንኑ ያህል ቢጨምር ነው የሚመከረው። ለዕረፍት መጥተህ ወር ከቆየህ ሰውነትህ ይረሳዋል፣ ስትመለስ እንደ አዲስ ጀምር። የመሄጃውን ጊዜ የመምረጥ ዕድል ካገኘህ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ሂድ። ውሃ እስኪጠማህ አትጠብቅ፤ በየሃያው ደቂቃ አንድ ብርጭቆ ጠጣ። በኤምሬትስ ሕግ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ ከቀኑ 6፡30 እስከ 9 ሰዓት፣ ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ይህን ሰዓት ለማንም አትሽጥ። ፍልሰታ ደግሞ የሚውለው በዚያው በሚነደው ወቅት ነው፤ ያለ ውሃ ዛፍ ላይ መዋል አይቻልምና ሳትሄድ ከንስሐ አባትህ ጋር ተመካከር።

ሞቀኝ ብሎ ቀበቶውን የሚፈታ አለ። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች! ቀበቶ ብቻውን ግን አያድንም። ራሱን ስቶ የተንጠለጠለ ሰው ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀማል፤ ቶሎ ካልወረደ በዚያው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ከደሞዙ በፊት የምትጠይቀው “እኔ ላይ ስሆን ታች ማን አለ? ወጥቶ ማውረድስ ይችላል?” ብለህ ነው። መልሱ “ብቻህን ነህ” ከሆነ ሥራው ይቅርብህ። ባልደረባህ በሙቀት መቀባዠር ከጀመረም አትጠብቅ፤ ጥላ ውስጥ አስገብተህ በብዙ ውሃ አቀዝቅዘው፣ ለአምቡላንስ ወደ 998 ደውል።

ስለ ወረቀቱ ብዙ አልልም። የአገራችን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን እንዲሁም የመድን ወጪውን አሠሪው እንዲችል ያዝዛል፤ የፓስፖርቱ፣ የሕክምና ምርመራውና የብቃት ማረጋገጫው ወጪ ያንተ ነው። ደላላ የቪዛ ገንዘብ ከጠየቀህ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ፓስፖርትህን አሠሪው እንዲይዝብህ የዚያ አገር ሕግም አይፈቅድም፤ ቅጂውን ለእናትህ ተውላት። ኮንትራቱ ላይ ሥራህ “የጉልበት ሠራተኛ” ተብሎ ከተጻፈ አስለውጠው፤ ከዛፍ ብትወድቅ በመድኑ ጉዳይ የሚያከራክርህ እሱ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ! ሳትፈርም ይዘኸው ና፣ ቁጭ ብለን አብረን እናንብበው።