ተስፋ ደመወዝ ይሆናል?

የካ ሚካኤል የሚኖር ሰው ሯጭ ለማየት ቴሌቪዥን አያስፈልገውም። ገና ሳይነጋ ወደ እንጦጦ ባሕር ዛፍ የሚወጡ ወጣቶች አሉ። ክለብ ያለው ወር ሲሞላ ደመወዝ ይጠብቃል። ክለብ የሌለው ያንኑ ዳገት ወጥቶ፣ ያንኑ ብርድ ችሎ የሚጠብቀው "አንድ ቀን" የሚባለውን ነው።

ታዲያ ይህ "አንድ ቀን" ክፍያ ነው?

ነው የሚሉ ሰዎች ክርክራቸው የዋዛ አይደለም። ማንም አላስገደደውም፤ ያሸነፈ ይበላል፤ ስፖርት ማለት ይኸው ነው ይላሉ። ግን እስቲ አንድ ነገር እንይ። ትልልቅ ማራቶኖች ላይ አሯሯጭ አለ። ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ነፋሱን ይቀበላል፣ መንገድ ላይ ይወጣል። ባያሸንፍም በውሉ መሠረት ይከፈለዋል። ልምምድ ላይ ያንኑ ሥራ ለወራት የሚሠራው ልጅ ግን ምንም የለውም። ሥራው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ካሜራው ብቻ ነው።

እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ከምጽፈው ኮድ ብዙው ተጠቃሚ ጋ ሳይደርስ ይጣላል። ወር ሲያልቅ ግን "የተጣለው አይቆጠርም" ያለኝ የለም። የሚከፈለኝ ስላሸነፍኩ ሳይሆን ጊዜዬንና እውቀቴን ስለሰጠሁ ነው።

አሜሪካኖች ይህንኑ ክርክር በቤዝቦል አይተውታል። በታችኛው ሊግ የሚጫወቱት ልጆች ለዓመታት የኖሩት በሕልም ነበር። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሕግ ከትርፍ ሰዓት ክፍያ ውጪ አደረጋቸው። በ2022 በማኅበር ተደራጁ። በ2023 በተፈረመው ስምምነት የዝቅተኛው እርከን ዓመታዊ ክፍያ ከ4,800 ወደ 19,800 ዶላር፣ የከፍተኛው ከ17,500 ወደ 35,800 ዶላር አደገ። በአንድ ዓመት ውስጥ ችሎታቸው አልተለወጠም። የተለወጠው፣ ሕልማቸው እንደ ደመወዝ መቆጠሩ መቅረቱ ነው።

እኛ አገር በ2011 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የእግር ኳስ ተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጣሪያው ላይ ለመነጋገር ጊዜ አልጠፋም። ወለሉስ?

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ቤዝቦሉ ላይ ከፋዩ ይታወቃል፤ ትልቁ ክለብ ነው። እንጦጦ ላይ የሚሮጠውን ክለብ የለሽ ልጅ ማን ይክፈለው? የእኔ መልስ፦ ከድሉ የሚካፈል ከዝግጅቱም ይካፈል። ማናጀሩ ልጁ ሲያሸንፍ ድርሻ አለው። እንግዲያው በፕሮግራሙ ለሚያሠራው ሯጭ፣ ለቤት ኪራይና ለምግብ የሚበቃ ነገር በየወሩ ይስጥ። ለፍቶ አዳሪ ወላጅ ከገጠር እየላከ የሚሸፍነው ወጪ ለሌላ ሰው ትርፍ መነሻ መሆን የለበትም።

ይህ ዋጋ አለው፤ አልክድም። መክፈል ግዴታ ከሆነ የሚያዙት ሯጮች ያንሳሉ። ብዙ ልጅ ገና በ19 ዓመቱ "አልቻልንም፣ ሌላ ነገር ሞክር" ይባላል። ያማል። ግን በ19 ዓመቱ የተባለ ልጅ ገና ትምህርትም፣ ሙያም፣ ጉልበትም ይጠብቀዋል። በ28 ዓመቱ፣ ጉልበቱ አልቆ፣ አንድም ብር ሳይዝ ለሚረዳው ሰው ግን የቀረ ነገር ትንሽ ነው።