የደብረ ምጥማቅ ኪዳን በተጉለት

ከመንዝ በስተደቡብ፣ በተጉለት ደጋ፣ ሰላ ድንጋይ አቅራቢያ የሚገኘው የጻድቃኔ ማርያም ገዳም በሰሜን ሸዋ ስማቸው ከገነነ የጠበል ቦታዎች አንዱ ነው። ገዳሙ ደብረ ምጥማቅ ተብሎም ይጠራል። ስሙ የመጣው ከግብፅ ነው፤ የቦታው ክብርም የሚጀምረው ከዚያው ነው።

የግንቦት 21 ስንክሳር እመቤታችን በግብፅ ደብረ ምጥማቅ ለአምስት ቀናት በብርሃን እንደተገለጠች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ሊያያት ይሰበሰብ እንደነበር ይተርካል። ያ ደብር እ.ኤ.አ. በ1430ዎቹ መገባደጃ በማምሉኮች ዘመን ፈረሰ። ወሬው የደረሳቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) አዝነው ብቻ አልቀሩም። በተጉለት፣ እጉባ በተባለ ስፍራ ቤተ ክርስቲያን እንዲታነጽ አዘዙ፤ ስሙንም ደብረ ምጥማቅ አሉት። በ1443 ደግሞ ለግብፁ ሱልጣን ለጃቅማቅ ስለ ክርስቲያኖቹ በደል የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩ። በ1450 በዚሁ ደብር በተደረገው ጉባኤ ለረጅም ዘመን ተገልለው የቆዩት የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታረቁ፤ ቅዳሜም እንደ እሑድ እንዲከበር ተወሰነ። የጻድቃኔ ትውፊት ራሱን ከዚህ ሁሉ ጋር ያያይዛል።

የፈረሰን ደብር ስሙን ወስዶ በሌላ አገር መትከል ምን ማለት ነው? መልሱ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ትምህርት ውስጥ አለ። በገድላትና በተአምራት እንደሚነበበው አንድን ስፍራ የሚያከብረው አፈሩ ወይም ምንጩ ሳይሆን በስፍራው የተሰጠው ቃል ኪዳን ነው። በቦታው የለመነ ይሰማል፣ የተሳለመ ምሕረት ያገኛል ይባላል። ኪዳን ደግሞ ከስምና ከበዓል ጋር ይሄዳል። የእመቤታችንን 33 በዓላት እንዲከበሩ ያዘዙት ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ከማንም በላይ የተረዱ ይመስላል፤ ድንጋዩ ግብፅ ቢቀርም በዓሉ ተጉለት ገባ።

ምእመኑ ይህን ትምህርት የሚኖረው በሰውነቱ ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ገደል ወርዶ ገደል የሚወጣው ገበሬም ሆነ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣው ከተሜ ስንቁ ቆሎና በሶ ነው። ሱባኤ የገባ ጫማውን አውልቆ፣ በባዶ ሆዱ ጠበሉን ይጠጣል፣ በብርዱ ይጠመቃል፣ እምነት ይቀባል። ስለቱ የደረሰለት ጧፍና ዕጣን፣ ሲሆንለትም ጃንጥላ ይዞ ይመለሳል። ደጋው ለተጠማቂ አይራራም፤ ይህ ድካም ግን ከጸሎቱ ተለይቶ አይታይም።

ቦታና ታሪክ እንዴት እንደሚተሳሰሩ ለማየት የሕንዷ ማኒካራን ጥሩ ማነጻጸሪያ ናት። በሂማላያ ተራሮች፣ በፓርቫቲ ሸለቆ ያለው የፈላ ውሃ ለሂንዱዎች ሺቫና ፓርቫቲ የኖሩበት፣ የፓርቫቲ የጆሮ ጌጥ የጠፋበትና የተመለሰበት ስፍራ ነው። ለሲኮች ደግሞ ጉሩ ናናክ ከባልንጀራው ከማርዳና ጋር መጥቶ ራብተኞችን ያበላበት ነው፤ ዛሬም ለመንገደኛው ሁሉ የሚታደለው ሩዝ በዚያው ምንጭ ይቀቀላል። በማኒካራን አንድ ውሃ ሁለት ታሪክ ይሸከማል፤ በተጉለት ግን አንድ ታሪክ አገር ለውጧል። ናናክ የልብ ንጽሕና የሌለው መታጠብ ከንቱ ነው ብሎ ማስተማሩ፣ ተከታዮቹ ግን ከውሃ ዳር አለመራቃቸው ለሐበሻ አንባቢ እንግዳ አይሆንም።

ካህናትም የሚያስተምሩት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ንዕማን ሶርያዊ በዮርዳኖስ የነጻው ነቢዩን በመስማቱ እንጂ ወንዙ ከደማስቆ ወንዞች በልጦ አልነበረም። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር እንዲወስዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ ማሳሰባቸው ከዚሁ ትምህርት ይመነጫል። ያም ሆኖ ጠበል ገባሁ ብሎ ክኒኑን የሚያቋርጥ ሕመምተኛ ዛሬም አልጠፋም።