«ሶሪ» እና «ይቅርታ»

እንግሊዝኛ በሚነገርበት አገር የሚኖር ሰው ቀድሞ አፉ ላይ የሚለምደው ቃል «ሶሪ» ሳይሆን አይቀርም። ባቡር ውስጥ ትከሻ ሲነካ ሶሪ፤ ያልሰማነው እንዲደገምልን ሶሪ፤ ለቅሶ ቤትም ሶሪ። አንድ ቃል ይህን ሁሉ እንዴት ቻለ?

መልሱ ከሥሩ ይገኛል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ይባል ነበር፤ የወጣውም ሕመም ወይም ቁስል ማለት ከነበረው «ሳር» ነው። ሐዘን የሚሉበት «ሶሮው» በድምፅም በትርጉምም ቢቀርበውም ከሌላ ሥር የመጣ ነው። እንግዲህ «ሶሪ» የሚል ሰው በቃሉ መነሻ የሚናገረው ስለ ራሱ ነው፦ «አሞኛል» ይላል። ማን እንዳጠፋ ቃሉ አይናገርም። ለቅሶ ቤት መግባቱም፣ ለጥፋተኛ መሸሸጊያ መሆኑም ለዚህ ነው። የካናዳዋ ኦንታሪዮ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ፣ በፍትሐ ብሔር ክርክር ይቅርታ መጠየቅ ጥፋትን እንደ ማመን አይቆጠርም።

የእኛ «ይቅርታ» የተገኘው «ቀረ» ከሚለው ግስ ነው፤ ይቅር፣ ይተው። ስለ በዳዩ ስሜት ምንም አይልም። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ያደርጋል፤ ውሳኔው የተበዳይ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የሚቆም ሰው እምቢ ሊባል እንደሚችል ያውቃል።

ቃላችን ግን የራሱ ጉድለት አለው። ሽማግሌ ተሰብስቦ «በቃ፣ ይቅር በል» ሲል ተበዳዩ ያፍራል፤ በዳዩ ምን እንዳደረገ ሳይናገር፣ ሳያመውም ነገሩ ያልቃል። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የምንል ሰዎች፣ እኛው ያደናቀፍነው ጊዜ ይህ ቃል ከአፋችን ይጠፋል። ሙሉ ይቅርታ ሁለቱንም ይፈልጋል፦ የአንዱን ሕመምና የሌላውን ፈቃድ።

ይህን ያሳሰበኝ ልጄ ነው። አንድ ማታ ባላጠፋው ጥፋት ጮኽሁበትና እውነቱን ሳውቅ «ሶሪ» አልሁት። ለምን በአማርኛ እንዳላልሁት በኋላ አሰብሁ። «ሶሪ» ብዬ መሄድ እችላለሁ። «ይቅርታ» ካልሁ ግን መቆም አለብኝ፤ አባት ሆኜ የልጄን መልስ መጠበቅ አለብኝ። አባቴም እኔን እንዲያ ጠብቆ አያውቅም።

በማግሥቱ በአማርኛ አልሁት። ትንሽ ዝም አለ። ያቺን ዝምታ ነበር የሸሸኋት።