እልህ ጌታ አይሁንባችሁ

በየጁ ምድር ልጅ ፊደል ሳይቆጥር የሚማረው ነገር አለ፤ አለመደፈር። የነካህን አትለፈው፣ የአባትህን ድንበር የገፋውን ዝም አትበለው፣ ደምህን ሳትመልስ ሰው ፊት አትቁም ይባላል። ይኸው ልጅ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። ጠላትን ስለ መውደድ የሚነበበውን ወንጌል ቆሞ ይሰማል፣ መስቀል ይሳለማል፣ ጠበል ጠጥቶ ይወጣል። በማግስቱ ገበያ ላይ አንድ ሰው ክፉ ቃል ሲናገረው ግን የሰማው ወንጌል ትዝ አይለውም፤ የሚታዘዘው ያንን የመጀመሪያውን ትምህርት ነው።

ልጆቼ፣ እኔም ያደግሁት በዚሁ ትምህርት ነው፤ ክብርንም አልንቅም። ዕድሜዬ ያሳየኝን ልንገራችሁ፤ እልህና ክርስቶስ በአንድ ሰው ላይ አብረው አይነግሡም።

ይህን ዛሬ የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ በህወሓት ኃይሎች እጅ ከገባች ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በአካባቢያችን የሆነውን በዓይናችሁ አይታችኋል። ከወልድያና ከመርሳ የሸሸው ሰው ልጁን አዝሎ በዚሁ በእኛ መንገድ ወደ ሐይቅና ወደ ደሴ ጎረፈ። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ውጊያው ውርጌሳ ደርሶ የትንሿ ከተማችን ስም በዓለም ዜና ተጠራ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያ ወዲህም ቢሆን ክልላችን ዕረፍት አላገኘም። የተኩሱን ታሪክ ሌሎች ይጻፉት። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ በሰው ልብ ውስጥ የቀረው ነው። ማን ማንን ጠቆመ፣ የማን ቤት ተዘርፎ የማን ተረፈ፣ ማን ሸሽቶ ማን ቀረ እየተባለ የተቋጠረ ቂም አለ። አብዛኛው ደግሞ ያለ ማስረጃ፣ በጥርጣሬ ብቻ የተቋጠረ ነው።

የማሽላ ገበሬ ልጆች ናችሁና አቀንጭራን ታውቋታላችሁ። ያቺን ወይንጠጅ አበባዋን ከመሬት በላይ ከማየታችን በፊት ከሥር ሆና የማሽላውን ሥር ይዛ ስትመጠው ትሰነብታለች። እዚሁ ሀብሩ ወረዳችን ውስጥ ያለው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ከዚህች አረም ጋር ስንት ዘመን ታግሏል! አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ዘር ታራግፋለች፤ ዘሯም አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ቂምም እንዲሁ ነው። ዱላ የተነሣ ቀን ጠቡ የጀመረ ይመስለናል እንጂ በዚያን ጊዜ ከውስጥ ተበልቶ ያለቀ ነገር አለ። ጸሎቱ ደርቋል፣ ጾሙ ረኀብ ብቻ ሆኗል፣ ቁርባንም ርቋል።

ታዲያ መቆጣት ሁሉ ኃጢአት ነው እያልኋችሁ አይደለም። ማርቆስ እንደጻፈው ጌታችን በምኩራብ የሰዎቹን ልብ ድንዳኔ አይቶ ተቆጥቷል፤ ያን ጊዜ ያደረገው ግን እጁ የሰለለችውን ሰው መፈወስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም የኤፌሶንን ሰዎች ሲመክር ቁጣ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲበርድ ነው ያዘዘው። ቁጣ ይመጣል። ጥያቄው ከመጣ በኋላ ማን ያዝዛል የሚለው ነው።

በአንደኛ ሳሙኤል ሃያ አራተኛውንና ሃያ አምስተኛውን ምዕራፍ አንድ ላይ አንብቧቸው። በመጀመሪያው ሳኦል ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ ዳዊትን ሊገድል ሲያሳድደው ይቆይና ዳዊት ወደ ተደበቀበት ዋሻ ብቻውን ይገባል። የዳዊት ሰዎች፣ እግዚአብሔር ጠላትህን አሳልፎ ሰጠህ፣ በለው አሉት። ዳዊት የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ያንንም ስላደረገ ልቡ ወቀሰው። ሳኦል ክፉ ቢሆንም እግዚአብሔር የቀባው ሰው መሆኑን አልዘነጋም። በቀጣዩ ምዕራፍ ይኸው ሰው ናባል የሚባል ባለጠጋ ስለሰደበው ብቻ አራት መቶ ሰው አስታጥቆ የናባልን ቤት ወንድ ሁሉ ሊፈጅ ይነሣል። ሊገድለው የሚያሳድደውን ንጉሥ የማረ ሰው ስድብ አልችል አለ! አቢግያ የምትባል አስተዋይ ሴት ስንቅ ጭና መንገድ ላይ ወድቃ ባትለምነው ኖሮ ያን ሁሉ ደም ተሸክሞ ይነግሥ ነበር። ዋሻው ውስጥ የእግዚአብሔርን ፈቃድ አስቦ ነበር፤ በናባል ጊዜ ግን ስድቡን ብቻ ነው የሰማው።

የዋሻውን ጓደኞች ልብ በሉልኝ። በስሜት የሚናገር ሰው ሁልጊዜ የእግዚአብሔርን ስም ትቶ አይናገርም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያንኑ ስም ጠርቶ ነው በለው የሚላችሁ። ዛሬ በፌስቡክና በቲክቶክ ለሃይማኖቴ ተቆረቆርሁ እያለ የሰው እናት የሚሳደብ ወጣት አያለሁ። ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህ ነገር ከቃል አያልፍም ብሎ መዘናጋት አይቻልም። በአንድ ቤት አጎቱ ሙስሊም አክስቱ ክርስቲያን ሆነው በሰርግና በለቅሶ አብረው የሚኖሩበት አገር ነው፤ በስሜት የተወረወረ አንድ ቃል የገዛ ዘመድን ነው የሚያቆስለው። ጴጥሮስም በጌቴሴማኒ ሰይፍ የመዘዘው ለጌታው ተቆርቁሮ ነበር። ጌታ ግን ሰይፉን እንዲመልስ አዘዘው፣ የተቆረጠውንም ጆሮ ፈወሰ። ቅንዓት ሲይዛችሁ ራሳችሁን ይህን ጠይቁ፦ የተነካው የእኔ ስም ባይሆን ኖሮ እንዲህ እንገበገብ ነበር?

ይህን ስል ግፍን አንገት ደፍቶ መቀበል ክርስትና ነው የሚል ሰው እንዳይኖር። በሊቀ ካህናቱ ፊት ሎሌው በጥፊ ሲመታው ጌታችን መልሶ አልመታም፤ ዝምም አላለም፤ ለምን እንደመታው ጠየቀው። ቅዱስ ጳውሎስ ያለ አግባብ ሲከሰስ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል። በባሏ የምትደበደብ ሴት ልጄ ታገሺ እየተባለች ትሙት የሚል ትእዛዝ የለም፤ ወደ ሕግም ወደ ሽማግሌም ትሂድ። መሬቱን የተነጠቀም ፍርድ ቤት ይክሰስ። ለእግዚአብሔር የሚታዘዝ ሰው መብቱን ይጠይቃል፤ በቀሉን ግን ለባለቤቱ ይተዋል።

የእኛ የወሎ አባቶች ይህን በሥርዓት ያውቁት ነበር። አበጋር የሚባሉትን አስታራቂዎች ታውቃላችሁ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ የሚሰማቸው፣ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰው ሲገደል በዚያው ሰሞን ታረቁ ብለው አይጨቀጭቁም። በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ ያደርጋሉ፣ የሟች ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ብዙ ቆይቶ ካሳው ይቆረጣል፣ እርቅ ይወርዳል። እኔ ይህን ሥርዓት የማደንቀው በሐዘንተኛው ስሜትና በእጁ መካከል ጊዜ ስለሚያስገባ ነው። ሐዘኑን አይክዱበትም፤ ጦሩን ግን ከእጁ ይወስዱለታል። ሐኪም ቤት የማይደርስበት ቁስል ላይ የሚሠራ ጥበብ ስለሆነ እንዳትረሱት አደራ እላችኋለሁ።

ስሜት ማለት ቁጣ ብቻም አይደለም። ከሀብሩ ስንት ልጅ ከአባቱ ተጣልቶ፣ ወይም የጓደኛው ቤት ቆርቆሮ ሲለብስ አይቶ ቀንቶ፣ ለደላላ ተሰጥቶ በሌሊት ወጥቷል? በጅቡቲ በረሃ፣ በኦቦክ ባሕርና በየመን የቀረው ቀርቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ባዶ እጃቸውን ከገቡት ውስጥ የእኛም ልጆች ነበሩ። መሰደድ ሁሉ ኃጢአት ነው አልልም፤ አብርሃምም ተሰድዷል፣ ግን ተጠርቶ ነው የወጣው። በእልህ የምትወጡ ከሆነ ሻንጣችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት አንድ ሱባኤ ያዙ፤ የንስሐ አባታችሁንና እናታችሁን አማክሩ።

አሁን አንድ ወጣት የሚመልስልኝ ይታወቀኛል። አባቴ፣ ልቤ ሳይፈቅድ ይቅር ብል ግብዝነት አይሆንብኝም? ይለኛል። ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ የሚጠይቁትም ቅኖቹ ናቸው። እስቲ ጌቴሴማኒን አስቡ። ጌታችን በዚያች ሌሊት ነፍሱ እስከ ሞት አዝና ነበር፤ ላቡ እንደ ደም ይንጠባጠብ ነበር፤ ጽዋው እንዲያልፍለትም ለምኗል። ቢሆንም የአባቱን ፈቃድ አስቀደመ። ይህን ግብዝነት የሚለው ማን ነው? ግብዝ ያልተሰማውን እንደተሰማው አስመስሎ የሚታይ ነው። ልቡ እየደማ ስለታዘዘ ብቻ ይቅር የሚል ሰው አላስመሰለም። በቅዳሴም ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ሲያዝዘን አጠገባችን የቆመውን ወደድነው ወይ ብሎ አይጠይቀንም። እጅ እንነሣለን፤ ፍቅሩ ከቆየ በኋላ ይመጣል፣ አንዳንዴም ዓመታት ወስዶ ይመጣል። ካልመጣም የታዘዛችሁት ትእዛዝ ከንቱ አይሆንም።

ስለዚህ በግልፍታ ቀን ምንም አትወስኑ። በሌሊት መልስ አትጻፉ። ያስቀየማችሁን ሰው በስሙ እየጠራችሁ ጸልዩለት፤ ስሙ አልወጣ ካላችሁ ቂሙ የት እንደደረሰ በዚያ ታውቁታላችሁ። ስለ ጦርነቱ ጊዜ የምትጠረጥሩት ጎረቤት ካለም ሳታጣሩ ወሬውን ለሌላ አትንገሩ፤ ማስረጃ ካላችሁ ወደ ሕግ ውሰዱት፣ ከሌላችሁ ሰውየውን በቀጥታ ጠይቁት።

ለሁለት ዓመት ሰላም ያላላችሁት ሰው ካለ ሽማግሌ ላኩበት። የሚሄድ ሽማግሌ ከጠፋ እኛን ጥሩን፤ ጉልበታችን ቢደክምም ለእርቅ የተጠራን ቀን እንደርሳለን።